«ፓስ» የሚለው መስመር

«ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንም፣ ፈናን» አሉ የአይሲቲ መምህሯ ኖህ። «ማንም ቆርጦ ይቀጥለዋል።»

ፈናን ራሷን ነቀነቀች። ከትናንት ጀምሮ ሁሉን ነገር ራሷን እየነቀነቀች ነው የምታልፈው። ማክሰኞ ለሒሳብ አስተማሪዋ ለመምህርት ትርፌ ከፈናን ኢሜይል ስድብ ደረሳቸው፤ «ወደ መጣሽበት ተመለሽ» የሚል ጭምር። ፈናን አልጻፈችውም። ርዕሰ መምህሩ ግን የኢሜይሉ ስክሪንሾት ላይ 4:10 የሚል አይተው፣ «ረፋድ አራት ሰዓት ከአስር ኮምፒውተር ክፍል ብቻዋን ነበረች» ብለው ፈረዱ። ነገ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ካላመናት የዘንድሮ ትምህርቷ አበቃ። ማልቀስ ነበረባት። እንባ የሚባል ግን ዝር አላለም።

መምህር ኖህ ከመምህርት ትርፌ የተቀበሉትን ኦሪጅናል ኢሜይል ከፍተው፣ ከጀርባው ያለውን ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጡ። ሄደር ይሉታል፤ ኢሜይሉ በየት በየት እንዳለፈ የሚናገር ነው።

«እዪ፣ 16:10 ይላል፤ በፈረንጅ ከሰዓት 4:10 ማለት ነው። ከጎኑ ፕላስ ሦስት፣ የእኛ የሰዓት ክልል። በሀበሻ ስንት ነው?»

«ከሰዓት አስር ሰዓት ከአስር።»

«ዳይሬክተራችን የፈረንጁን ሰዓት በሀበሻ አንብበውልሻል!» ብለው ሳቁ።

«ያኔ አሰላ ስታዲየም እየሮጥኩ ነበር። የስፖርት ቲቸር አይተውኛል።»

የመምህር ኖህ ሳቅ ግን ቀጣዩ መስመር ላይ ቆመ። «የላኪውን ማንነት የሚያጣራው ማረጋገጫ ‹ፓስ›፣ አልፏል ብሏል። በስምሽ ሌላ ቦታ የተፈበረከ ቢሆን ‹ፌል› ይል ነበር። ይሄ የወጣው ከራስሽ አካውንት ነው። ስልክሽ ማን ጋ ነበር?»

ሐዊ ጋ። ፈናን ስትሮጥ ስልኳን ሁሌም የምትይዝላት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነችው ሐዊ ናት።

«ላስብ፣ ቲቸር» አለች።

«ሄደሩን ሙሉውን፣ ሰዓቱን ከነክልሉ፣ የማረጋገጫውንም ውጤት እንዳለ፣ ለኮሚቴው የምትልኪው ሪፖርት ላይ አስገቢ። ስልኩ ማን ጋ እንደነበርም ጻፊ። አንዱ ከጎደለ ወሬ ነው» ብለዋት ወደ ክፍል ሄዱ።

በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ የነበረችው ሐዊ ገባች።

«ፓስ የሚለውን አጥፊውና ሀከር ነው በያቸው። ማሎ፣ ባክሽ ፈኒ!»

«አንቺ ነሽ?»

«ትርፌ ሰው ፊት ኮራጅ አለችኝ እኮ! ተናድጄ ነው።»

«በኔ ስም?»

«እጄ ላይ የነበረው ያንቺ ስልክ ነዋ። ደሞ አንቺን ማንም አይጠረጥርም ብዬ…»

ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። ፈናን ንዴቷን ብትፈልገው አጣችው። ውስጧ በጭላሎ ተራራ ብርድ እንደደነዘዘ ጣት ሆኖባታል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። ሄደሩን ሪፖርቱ ላይ ገልብጣ «ፓስ» የምትለውን መስመር በማውሱ መረጠቻት። ለማጥፋት አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ነው የቀራት።

ፈናን መስመሯን መልሳ ለቀቀቻት።

«ስልኩ ማን ጋ እንደነበር አንቺ ትጽፊያለሽ ወይስ እኔ?»

«ፈኒ…»

ፈናን ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችላት። ሐዊ ወንበሩን አየችው እንጂ አልተቀመጠችም። ደወል ሲደወል ወጣች።

ፈናን ተመልሳ ተቀመጠች። «ሐዊ ቱፋ» ብላ ጻፈች፤ የአባቷንም ስም አልቀነሰችም። ሪፖርቱን አንዴ አነበበችውና ለኮሚቴው ላከችው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን የመክፈቻ ኮድ ቀየረች።