ከዓርዓር እስከ ቱረይፍ

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ዱዓ ያደረግኩልህ ለአርባ አምስት ደቂቃ በረራ ነው?»

«ነፋስ ነበራ!» አለ ሱልጣን። «አብራሪው ዞረ። ወላሂ...»

«ወላሂ አትበል!»

ሙስዐብ በስልኩ ካርታ ከፍቶ አፍንጫው ሥር ደቀነለት። ሳዑዲ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ከዓርዓር ኤርፖርት እስከ ቱረይፍ ኤርፖርት ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ ተነሳ ሲባል ወረደ ነው።

ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጅዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ያደጉት። ባለፈው ሐሙስ ሱልጣን እዚሁ የሕንፃው ደረጃ ላይ ቆሞ፣ «ከአባዬ ጋር ሰሜን ልሄድ ነው። ነገ ከጁምዓ በኋላ ከዓርዓር ቱረይፍ እንበራለን። ትንሽዬ አውሮፕላን ናት፣ ሦስት ሰዓት ስትንቀጠቀጥ ነው የምትሄደው አሉ። ፈርቻለሁ ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ዱዓ አርግልኝ» ብሎት ነበር። ብርድ አለ ብሎም የሙስዐብን ጃኬት ተዋሰ።

ሙስዐብም፣ ቂሉ፣ ዓርብ ከሰዓት ክፍሉን ዘግቶ ዱዓ ላይ ዋለ። እናቱ «ምን አጥፍተህ ነው?» እስክትለው ድረስ።

«እና ቱረይፍ ይበርዳል?» አለው አሁን።

«ኡፍ! ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው የከረመው።»

«ጃኬቱን ሳትዘረጋው? እማዬ እንዳጠፈችው እኮ ነው የመለስክልኝ። የናፍታሊን ሽታው እንኳ አልለቀቀውም።»

ሱልጣን ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሙስዐብ የኢያድን መልእክት ከፈተለት። ኢያድ የአክስቱ ልጅ ነው፤ መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ የሐበሻ ልጆች የኳስ ቡድን አምበል። ሙስዐብ እዚያ ቡድን ልግባ እያለ ዓመቱን ሙሉ ለምኖታል። ሱልጣንን ከኢያድ ጋር ያስተዋወቀውም ሙስዐብ ራሱ ነው። መልእክቱ የገባው ዛሬ፣ ስልኩ ተጠግኖ ሲመጣ ነበር። «ሙስዐቤ፣ ከቱረይፍ መቼ ነው የምትመለሰው? ሱልጣን ባንተ ቦታ ሁለት አገባልን፣ ማሻአላህ!»

«ቱረይፍ የላክኸው እኔን ነዋ?»

«አንድ አጥቂ ጎደለን፣ ሙስዐብን ጥራልኝ አለኝ ኢያድ» አለ ሱልጣን ድምፁ ወርዶ። «ስልክህ ተበላሽቶ ነበራ። እኔም መጫወት ፈለግኩ። ኻላስ፣ በቃ፣ ሸይጣን ነው።»

«ሸይጣን ቱረይፍን በየት ያውቃታል? አንተ ነህ!»

ሙስዐብን ያናደደው ውሸቱ አልነበረም፤ አብረው ስንቱን አስተማሪ ዋሽተዋል። ግን እሱ እጁን ዘርግቶ «ያ ረብ፣ በሰላም አውርደው» ሲል፣ ይሄ መካ ላይ ጎል አግብቶ ይጨፍር ነበር።

«የፊታችን ዓርብ ፍጻሜው ነው» አለ ሱልጣን። «ለኢያድ እነግረዋለሁ፣ ተቀያሪ ያደርግሃል። ያላ፣ አብረን እንሂድ።»

«እሺ» የሙስዐብ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣለና ደረጃውን መውጣት ጀመረ። የገዛ ቦታውን ከሱልጣን እጅ አይለምንም።

«ሙስዐብ! ለዓርቡ ግን... ዱዓ ታደርጋለህ አይደል?»

«አደርጋለሁ» አለ ሙስዐብ ሳይዞር። «ለተጋጣሚዎቻችሁ በረኛ!»