ፈርን የተኛችበት ካፖርት

አምብሮዝ ካይም በጥር ወር አንድ ጧት በውኃ ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ሸሚዝና ሹራብ ለብሷል፤ ካፖርት ግን አልለበሰም። ካፖርቱ ከቦዩ አጠገብ ባለው የእርሻ ብረት በር ሥር፣ ሣሩ ላይ ተነጥፎ ነበር። በላዩ ላይ ፈርን ተጠቅልላ ተኝታለች። ፈርን እኛ ለርቸር የምንላት ዓይነት፣ እግረ ረጅም ግራጫ አዳኝ ውሻ ናት፤ ለቀረባት ሁሉ ጥርሷን ታሳይ ነበር።

ኮንስታብል ፓይክ ነገሩን ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጁ ከተማ የገባችበት፣ ከውሻው ሌላ የሚያነጋግረው የሌለው ሽማግሌ ካፖርቱን አውልቆ ውኃ ገባ፤ በቃ። መንደሩም ራሱን ነቀነቀ። እኛ የረግረጉ አገር ሰዎች እንዲህ ያለውን ሞት ቶሎ እናምናለን፤ ብቸኝነትን እናውቀዋለንና። ያዘንለት ግን አንድም ቀን በሩን ያላንኳኳን ሰዎች ነን። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

የቀረው የኢንስፔክተር ኤድና ፓርሰል ፊርማ ብቻ ነበር። ፓርሰል ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ እራቷን ወጥ ቤት ቆማ የምትበላ ሴት ናት። አባቷ አዳኝ ውሾች ያሳድግ ነበር፤ እሷ ግን እሱ ከሞተ ወዲህ ውሻ ይዛ አታውቅም። እኩለ ቀን ላይ ከብረት በሩ ስትደርስ የሟቹ ልጅ ዴልያ ከኖቲንግሃም መጥታ እዚያው ቆማለች። እንባዋ ደርቋል።

«ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች ዴልያ። «ኅዳር ላይ ደውዬ እኔ ዘንድ መጥተህ ኑር አልኩት። እሺም እምቢም አላለኝም። ተቀይሜ ለገና ሳልመጣ ቀረሁ። በእኔ ምክንያት ነው የሞተው?»

«አላውቅም» አለች ፓርሰል። ማባበል አታውቅበትም። «ሳላውቅ ግን አልፈርምም።»

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር አደረገች። ለውሻዋ ጀርባዋን ሰጥታ እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ፓይክ ቀሚሷ መበላሸቱን ሊነግራት ሲል ዝም በል ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ብዙ ቆይቶ ፈርን ተነሥታ አፍንጫዋን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

ፓርሰል ያኔ ነው ካፖርቱን ያየችው። የተነጠፈው ገበሩ ወደ ላይ ሆኖ ነው፤ ጫፉ ላይ ጓል ተጭኖበታል፤ ሁለቱም እጅጌዎች ተገልብጠዋል። የፈርን የፊት እግር በባለመስመር ጨርቅ ታስሯል፤ በጣቶቿ መሃል ንጹሕ የበግ ሱፍ ገብቷል። ከበሩ ማዶ ያለው እሾሃማ ሽቦ ላይ ደግሞ የደረቀ ደምና ግራጫ ፀጉር አለ።

አስከሬኑን ያገኘው የመሬቱና የበጎቹ ባለቤት ሩፐርት ዶውስ ነው። ያቺን ውሻ በጎቼ መሃል ካየኋት እገድላታለሁ ብሎ መሸታ ቤት ውስጥ መፎከሩን ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እሱም አልካደም። ውሻዋን ለመያዝ ሞክረው ነበር ወይ አለችው ፓርሰል።

«እጄ ያስፈልገኛል ብዬ ተውኳት» አለ ዶውስ። «ካፖርቱን ሳይ ገብቶኛል። ሰው ልብሱን አውልቆ የሚተወው ሲያበቃለት ነው።»

«እግሯ ያኔ ታስሮ ነበር?»

«ታስሮ ነበር። እኔ እንኳ አላሰርኩም፤ እንዳልዋሽ።»

ቀጥሎ የአጎራባቹ ርስት የአደን ዘበኛ ሌን ጋንት መጣ። አምና ፈርን ላይ ጥይት ተኩሶ ነበር። ገና ከሩቅ ሲታይ የጀርባዋ ፀጉር ቆመ፤ ፓርሰል አንገቷን ይዛ አስቀረቻት። ትጠላኛለች፣ አልፈርድባትም አለ ጋንት፤ እሱም ከውሾች ጋር ያደገ ሰው ነው። ማታ ቤቱ ነበር፤ የሚመሰክርለት ግን የለም፤ እሱም ብቻውን ነው የሚኖረው።

በአምብሮዝ ቤት ፓርሰል አልጋው ሥር አዲስ ሻንጣ አገኘች። ውስጡ የተተኮሱ ሸሚዞች ታጥፈው ገብተዋል። ከበሩ አጠገብ አንድ ጆንያ አለ፤ የፈርን ሳህን፣ ብርድ ልብስና ማሰሪያ ታጥበው ገብተውበት አፉ በሲባጎ ታስሯል። ፓርሰል ከሻንጣው ይልቅ ጆንያውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

ዊልፍ ስታሚ ዘንድ የሄደችው በመጨረሻ ነው። ዊልፍ የአምብሮዝ የአደን ጓደኛ ነው፤ የቦዩ መንገድ የሚያልቅበት፣ ፖስተኛው እንኳ እያጉረመረመ የሚሄድበት ቤት ይኖራል። ወሬው እዚያ ገና አልደረሰም፤ ያረዳችው ፓርሰል ናት። ምድጃው ፊት ሁለት ወንበር ነበር፤ ዊልፍ አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ባዶውን ተመለከተ። ሳል ይዞኝ ከእሑድ ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም አለ። ፓርሰል ልትወጣ ስትል ቀና አለ።

«ፈርንስ? ትቆማለች?»

«ትቆማለች» አለችው፣ በሩን ከኋላዋ እየዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በአምብሮዝ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ዴልያ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዶውስ፣ ጋንትና ፓይክ ቆመዋል፤ ዊልፍ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሏል። ፓርሰል ካፖርቱን ተሸክማ ስትገባ ፈርን እያነከሰች ተከተለቻት።

«ፓይክ ይህን አይቶ ሰውየው በቃኝ ብሏል አለ» ብላ ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ገበሩን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጓል ጭኖ መሬት ላይ ማንጠፍ ምንድን ነው፣ ሚስተር ጋንት?»

ጋንት ጉሮሮውን ጠረገ። «ውሻ ሲጠፋብን የምናደርገው ነው። የለቀቅንበት ቦታ ካፖርታችንን እናነጥፍለታለን፤ የሰውነታችን ሽታ ያለው ገበሩ ላይ ስለሆነ እሱን ወደ ላይ። ከዚያ ቤታችን እንገባለን። ጧት ስንመጣ ተኝቶበት እናገኘዋለን።»

«እመለሳለሁ ማለት ነው» አለች ፓርሰል ወደ ዴልያ ዞራ። «ሊሞት የተነሣ ሰው እመለሳለሁ አይልም።»

ዴልያ ዓይኗን ጨፈነች። ዶውስ ታዲያ ውሻዋን ሲፈልግ አንሸራትቶት ገብቶ ይሆናላ አለ።

«እኔም እንዲህ ብዬ ብሄድ በወደድኩ» አለች ፓርሰል። «ግን እጅጌዎቹን ይዩአቸው። ካፖርቱን ራሱ የሚያወልቅ ሰው ቢገለበጥበት አንዱ እጅጌ ነው። ከወደቀ ሰው ላይ ኮሌታውን ይዞ የጎተተ ግን ሁለቱንም ይገለብጣል። ካፖርቱን ያወለቀውም ያነጠፈውም ሌላ ሰው ነው።»

ፓርሰል የፈርንን እግር ቀስ ብላ አነሣች።

«ይህቺ እግሯን ሽቦው ቆርጧት ስትመለስ አንድ ሰው አጥቦ አሰረላት። አምብሮዝ ነው እንዳንል፣ ውሻው ከተመለሰችለት ካፖርቱን ለብሶ ይዟት ቤቱ ይገባ ነበር። ሚስተር ዶውስ ሲደርሱ ደግሞ ታስሮ ነበር። እንግዲህ ያሰረው ሰው ካፖርቱን አይቷል፤ ባለቤቱ አለመኖሩን አይቷል፤ ቦዩ አጠገቡ ነው። ማንንም ግን አልጠራም።»

«እኔን ነው የሚጠረጥሩት?» አለ ዶውስ።

«እርስዎማ ካፖርቱ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላወቁም። ሚስተር ጋንት ያውቃሉ፤ ፈርን ግን እግሯን አትሰጣቸውም። ሚስተር ጋንት፣ በዚህ አገር በጣቶች መሃል ሱፍ እየከተተ የሚያስር ማን ነው?»

ጋንት መሬት መሬት አየ። «እኔን አይጠይቁኝ» አለ።

ፓርሰል ወደ መስኮቱ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መርዶውን ስነግርዎ ትቆማለች ወይ አሉኝ። ሌላው ሰው ማን ይዟታል፣ በልታለች ወይ ይላል። ስለ እግሯ አንድ ቃል አልተነፈስኩም ነበር።»

«አጎቴ ዊልፍ?» አለች ዴልያ። ሕፃን ሳለች የጫማዋን ክር ማሰር ያስተማራት እሱ ነው።

ዊልፍ ለፖሊሷ ሳይሆን ለእሷ መለሰላት። «ወዳንቺ ሊመጣ ነበር፣ ልጄ። ሻንጣ ገዝቷል። በገናው አልተቀየመሽም፤ ሳልነግራት ሄጄ በሯን ነው የማንኳኳው እያለ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ከተማ ለውሻ አይሆንም፣ ፈርንን ላንተ እተዋታለሁ አለኝ። ስጦታ መስጠቱ ነው እኮ። እኔ መቼ ውሻ ጠየቅኩት? በየማታው አብረን ስንወጣ አርጅተን፣ ከእንግዲህ ከማን ጋር ላወራ ነው? ገፋሁት። ጭንቅላቱን የበሩ ብረት መታው። የሞተ መስሎኝ ውኃው ውስጥ ከተትኩት።»

«ካፖርቱንስ?» አለች ፓርሰል።

«ፈርን ጥንቸል ተከትላ ሄዳ ሜዳ ላይ ነበረቻ» አለ ዊልፍ፣ ጥያቄው እንዳስገረመው። «ታዲያ ሜዳ ላይ ልተዋት?»

ሌሊት ተመልሶ እግሯን ያሰረላትም ለዚሁ ነው። በእኛ አገር ውሻ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ጓደኛውን ገድሎም ቢሆን። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም አምብሮዝ ውኃ ሲገባ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር ብሏል። ፓርሰል ይህን ለዊልፍ መንገር ነበረባት፤ ዴልያ ፊት ግን አልነገረችውም።

ፓይክ ዊልፍን ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ፈርን ተነሥታ ተከተለችው። ዊልፍ ደጃፉ ላይ ቆመና የፓይክን ፊት አየ። «መኪናውን ተከትላ በዚያ እግሯ ትሮጣለች» አለ። ፓይክ ለቀቀው። ዊልፍ ካፖርቱን አወለቀ፤ ገበሩን ወደ ላይ አድርጎ የበሩ መድረክ ላይ አነጠፈው፤ ጫፉን በእጁ አስተካከለ። ፈርን አሸተተችው፣ ዞር ዞር አለችበት፣ ተኛች። እሱ በሸሚዝ ብቻ ወደ መኪናው ሄደ።

ፓርሰል ፊርማዋን ሌላ ወረቀት ላይ አኑራ፣ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ለዴልያ ሰጠቻት። አብሬሽ ልሁን ወይ ማለት ፈልጋ ነበር፤ አፏ ላይ መጥቶ ቀረ። ለማንም ብላ አታውቅም።

ዴልያ ፈርንን ወደ ምድጃው ልታስገባት ብርድ ልብሱን ከጆንያው አውጥታ ጠራቻት፤ ለመነቻት፤ ኋላም ጎተተቻት። ውሻዋ መኪናው ከሄደበት መንገድ ዓይኗን አልነቀለችም። የሄደው ሰው እንደማይመለስ የሚነግራት አልነበረም። ዴልያ ብርድ ልብሱን አልብሳት አጠገቧ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ሳይነግራት መጥቶ በሯን ሊያንኳኳ ነበር።