የቀረችው አንዷ ሴራሚክ

ሰብስቤ ሞቶ የተገኘው ራሱ ባነጠፈው ወለል ላይ ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር፣ ገና ቀለም ያልተቀባ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ የላይኛው ፎቅ ባኞ ቤት ነው። ጭንቅላቱ ከባኞው ጠርዝ ሥር አርፏል፤ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ቀርቷል። ኢንስፔክተር ወለተጻድቅ ጓንት አጥልቃ፣ ተንበርክካ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትከፍት አንዲት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ከመዳፉ ወደቀች። ሳንቲሟ ወለሉ ላይ እየተንከባለለች ያሰማችው ድምፅ በሩ ላይ የቆሙትን ሁሉ አስደነገጣቸው።

«ልጅቷ ዘርፋው ነው እንዳይባል ሳንቲሙ እጁ ላይ ቀርቷል» አለ ኮንስታብል ጋዲሳ። ጋዲሳ ጥሩ ልጅ ነው፤ ችግሩ ከሐሳቡ ካቴናው ይቀድማል። ኢንስፔክተሯ ሳትደርስ ልጅቷን፣ ሌሊሴን፣ አስሮ ደረጃው ላይ አስቀምጧታል።

የሌሊሴ ሥራ ባለሙያዎቹ ሴራሚኩን ለጥፈው ሲጨርሱ ክፍተቱን በነጭ ሲሚንቶ መሙላትና በስፖንጅ መወልወል ነው። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ልታነሳው ታግላ ስለነበር እጇም ቀሚሷም ደም ነክቶታል። ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ጎረቤት ጋ የተወቻት የሰባት ወር ልጅ አለቻት።

«እትዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት» አለች። «ጡጦ እንቢ ትላለች። እኔ ከታሰርኩ ልጄን ራዕይን ማን ያጠባታል?»

«መጀመሪያ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ስምንት ተኩል ላይ ወለሉን ልሞላ ወጣሁ። ጋሽ ሰብስቤ ወድቋል። ያንሸራተተው መሰለኝ። ጠራሁት፣ አላየኝም።»

«ጠዋት ተቆጥቶሽ ነበር አሉ።»

«ስፖንጅሽን እጠቢ አለኝ። እሱ ያልተቆጣው ማን አለ? በቁጣ ሰው የሚገደል ቢሆን ኖሮ ኮልፌ ውስጥ ሰው ይተርፍ ነበር?» አለችና አለቀሰች።

የግቢው ዘበኛ አቶ በየነ ተጠርተው መጡ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ከምሳ ወዲህ በሩን ለማንም አልከፈትኩም። የገባም የወጣም የለም። ከሟቹ ሌላ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።»

ሦስቱ ሌሊሴ፣ ክብሮምና አማኑ ናቸው። ክብሮም አንደኛ ፎቅ፣ አማኑ ምድር ቤት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ባኞ ቤት ሲሠሩ ነው የዋሉት። ሽማግሌው ተናግረው ሳይጨርሱ ሁለቱ ወንዶች አንዱ ከሌላው አንድ አንድ እርምጃ ራቁ። አብረው ከአንድ ትሪ ምሳ የበሉ ሰዎች አንዱ የሌላውን እጅ ያይ ጀመር።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቀና ብሎ፣ «ከኋላ ነው የተመታው፤ ሁለት ጊዜ» አለ።

«የሚያንሸራትተው ሰው ደግሞ አንዴ ነው የሚወድቀው» አለች ወለተጻድቅ።

ከዚያ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የሟቹን ዕቃ ማየት ጀመረች። ባልዲው ደረቅ ነው። ማጣበቂያ ማበጠሪያው፣ ጥርስ ያለው ማንኪያ፣ ትናንት ታጥቦ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። ከመሣሪያው ሁሉ እርጥብ የሆነው ወለሉ መስተካከሉን የሚለኩበት ረጅሙ ውሃ ልክ ብቻ ነው። ከባድ የብረት ዕቃ ነው። ለጋዲሳ በላስቲክ እንዲጠቀልለው ሰጠችው።

ክብሮም አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከሰብስቤ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተጣልተን አናውቅም። ግሩፑ ላይ እንከራከራለን እንጂ። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሴራሚክ ሠሪዎች የሠራነውን ባኞ ቤት ፎቶ እያነሳን የምንለጥፍበት። ጥግ እንዴት ቆረጥክ፣ ለፍሳሹ ስንት ዘቅዘቅ አደረግክ እንባባላለን። አለቃው ሰብስቤ ነው። ሰው እንዳይከፋው የማይል ሰው ነበር።»

«ጩኸት አልሰማህም?»

«በግራይንደር እየቆረጥኩ ነበር፤ ጆሮዬ ተደፍኖ። ኢንስፔክተር፣ እኔ ፈርቻለሁ። ገዳዩ ከእኛ አንዱ ከሆነ ዛሬ ከማን ጋር ታክሲ ልሳፈር ነው?»

አማኑ ገና ሃያ ስምንቱ ነው። የግሩፑ ዓይን እሱ ነው፤ አንድ ፎቶ ሲለጥፍ «እጅህ ይባረክ» የሚለው ከመቶ አያንስም። ሰብስቤ ራሱ ለአንድ አዲስ ሆቴል ሥራ አለቃ እንዲሆን ጠቁሞት፣ ሰኞ ሊጀምር ነው።

«እንደ አባቴ ነበር» አለ አማኑ ዓይኑን እየጠረገ። «እኔ ዛሬ ወደ ላይ ጭራሽ አልወጣሁም። ልጅቷም ክፉ አይደለችም። ገፍታው ይሆናል እንጂ ልትገድለው አስባ አይደለም።»

ሌሊሴ ይህን ከደረጃው ሰምታ፣ «አማኑ! እኔን?» አለች።

ወለተጻድቅ የክብሮምን ስልክ ተቀብላ ግሩፑን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሰብስቤ የመጨረሻውን ፎቶ የላከው ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ይኸው ወለል ነው፤ በሩ አጠገብ ግን አንዲት ሴራሚክ ጎድላለች፤ ቦታዋ ላይ ባዶው ሲሚንቶ ይታያል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አንዷ ቀርታለች። እሷን ለጥፌ ስጨርስ አንድ ነገር እነግራችኋለሁ።»

አሁን የጎደለ የለም። አንዷ ገብታለች።

ከፎቶው በላይ ደግሞ በድምፅ የተላከ መልእክት ነበር። ነካችው። የሞተው ሰው ድምፅ ባዶውን ቤት ሞላው።

«ልጆች፣ ፎቶ ድምፅ የለውም። ሴራሚክ የሚፈተነው በሳንቲም ነው። ውስጡ ሙሉ ከሆነ ድም ይላል፤ ባዶ ከሆነ ይጮኻል። ማጣበቂያውን አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ ሥራ አይደለም፤ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል።»

ሌሊሴ ጮኸች። አቶ በየነ አማተቡ። ወለተጻድቅ ከቦርሳዋ ሳንቲም አውጥታ ብቻዋን ወደ ታች ወረደች። ላይ የቀሩት አደመጡ። መጀመሪያ ከአንደኛ ፎቅ፣ ቀጥሎ ከምድር ቤት፣ የሳንቲም ምት ድምፅ ይመጣል። ማንም ማንንም አላየም።

ስትመለስ ሁሉንም የባኞ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበቻቸው። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር።

«ነገሩ ቀላል ነው፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት» አለች። «ሰብስቤ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ሴራሚክ ይቀረው ነበር። ስምንት ተኩል ላይ ሞቶ ሲገኝ ተለጥፋለች። እሱ ለጥፏት ይሆናል ትሉ ይሆናል። በምኑ? ባልዲው ደረቅ ነው፤ ማንኪያው ከጨርቁ አልወጣም። የለጠፋት ሌላ ሰው ነው፤ በሌላ ባልዲ ማጣበቂያ። ሰው ገድሎ ወለል የሚጨርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ለምን ይጨርሳል?» አለ ጋዲሳ።

«እሱን ከሥሯ እንየው። ክብሮም፣ አንሳት።»

ክብሮም ተንበረከከ። ማንኪያውን ጠርዟ ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ ቢገፋት ብዙም ሳታስቸግር ተነቀለች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች ወለተጻድቅ።

ከሥሯ አምስት የማጣበቂያ ጉብታዎች ታዩ፤ አራቱ ጥግ ጥግ ላይ፣ አንዱ መሐል። በጉብታዎቹ መካከል ሲሚንቶው በሰፊው ጠቁሯል። ክብሮም ሴራሚኳን ለቆ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ደም ነው» አለች ወለተጻድቅ። «የተመታው እዚህ ተንበርክኮ ሳለ፣ በራሱ ውሃ ልክ ነው፤ እርጥብ ሆኖ የተገኘው ስለታጠበ ነው። ከዚያ ተጎትቶ የወደቀ እንዲመስል ባኞው ሥር ተጋደመ። ሴራሚክ ላይ የፈሰሰ ደም ይወለወላል። ባዶ ሲሚንቶ ግን ይጠጣዋል። ስለዚህ መሸፈን ነበረበት። ሰብስቤ ማጣበቂያውን ሙሉ አድርጎ የሚያበጥር ሰው ነበር። ሌሊሴ ሴራሚክ ለጥፋ አታውቅም፤ ይቺ ግን በውሃ ልክ ብትታይ ከጎረቤቶቿ ጋር እኩል ናት፤ የለመደ እጅ ነው። የክብሮምን ግድግዳ ሃያ ቦታ መታሁት፤ ሁሉም ድም አለ። ምድር ቤት ያለው ግን ያምራል፣ ይጮኻል።»

ሁሉም ወደ አማኑ ዞሩ።

«እኔ... እኔ ሙሉ ነው የምለጥፈው» አለ አማኑ። «ፎቶዎቼን እዩ!»

«ፎቶ ድምፅ የለውም» አለች ወለተጻድቅ። «ከፈለግህ አሁን አብረን ወርደን ካንተ ግድግዳ አንዷን እንንቀል። ጉብታዎቹ አምስት ካልሆኑ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

አማኑ ወደ ደረጃው አየ። ጋዲሳ ደረጃው ላይ ቆሟል። አማኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ሰብስቤ ግድግዳዬን በሳንቲም መታው» አለ በቀጭን ድምፅ። «ወጥቼ ለመንኩት። ጋሼ፣ አፍርሼ እሠራዋለሁ አልኩት። ሳንቲሟን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ‹ሆቴል ውስጥ ሰው ላይ ከሚወድቅ ዛሬ አንተ ውደቅ፤ ለግሩፑ ልጆች ራስህ ንገራቸው› አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። ያ ሁሉ ሰው እጅህ ይባረክ ያለኝ... ፈራሁ። ውሃ ልኩ አጠገቤ ነበር። ከዚያ ሲሚንቶውን ባጠብኩት ቁጥር ደሙ ይሰፋል። ይሰፋል!»

ክብሮም እንባውን እያወረደ፣ «ያቺን አንዷን እንኳ ሙሉ አድርገህ ብትለጥፋት ኖሮ ማን ያውቅብህ ነበር?» አለው።

አማኑ እጆቹን አያቸው።

«አላሰብኩትም። እጄ ለምዶ ነው።»

ጋዲሳ ካቴናውን ከሌሊሴ ፈትቶ ለአማኑ አጠለቀለት። «ይቅርታ፣ እህቴ» አላት፤ አንገቱን ደፍቶ። አማኑን ይዘውት ሲወርዱ ደረጃው ላይ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነበር።

ሌሊሴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ቀሚሷ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ሁለት እጆቿን እንደታሰሩ ሁሉ አጣምራ ጭኗ ላይ ይዛቸዋለች።

ወለተጻድቅ ነጠላዋን አውልቃ ደም በነካው ቀሚሷ ላይ ደረበችላት።

«ሂጂ እንጂ፤ አሥራ አንድ ሊል ነው።»

«ልሂድ?»

«ሂጂ።»

«በዚህ እጄ ልያዛት?»

ክብሮም የራሱን ባልዲ አጥቦ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ አመጣና ፊቷ ተንበርክኮ የሌሊሴን እጆች ጣት በጣት ያጥባቸው ጀመር።