ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ

ሰኞ ጠዋት አቶ ኪሩቤል ከቤት ሲወጡ መንገዱ እንደ ወትሮው ሰላም አላቸው።

«ደህና አደሩ? ቀኝ ጉልበትዎ ዛሬ ተሽሎታል።»

«ተመስገን» አሉና አለፉ።

በአዲስ አውሳ ከተማ መንገዱ ይናገራል። ንጣፉ ሰውን በእርምጃው ይለያል፤ ማን እንደወጣ፣ ወዴት እንደሄደ፣ እግሩ ደክሞት እንደሆነ ያውቃል። ከተሜው «እግር አንባቢ» ይለዋል። ልጅ ቢጠፋ የሚያገኘው እሱ ነው፤ ሽማግሌ ቢወድቅ ሰው የሚጠራው እሱ ነው። ከበላይ ደግሞ ዳሱ አለ፤ በረሃውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ሸራ። ከሱ ውጭ ፀሐይ ድንጋይ ትሰነጥቃለች። ከሥሩ ግን ሰው ነጠላ ለብሶ ይንሸራሸራል። አቶ ኪሩቤል ዳሱን ከተከሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው ሲሠሩ ነው። ቀና ብለው ሲያዩት አንገታቸው አይደክምም።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሳምንቱ መልክ ይዟል። ሰኞ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፌቨን ጋር ጨው ሐይቁ ዳር ይቀመጣሉ። ማክሰኞ ወዳጃቸው አቶ ሁመድ ቤት ምሳ ይበላሉ። ሐሙስ የታመመ ይጠይቃሉ። ቅዳሜ አቶ ሁመድና ባለቤታቸው አሲያ በተራቸው ይመጣሉ። በዚያ ሳምንት አዲስ ነገር ቢባል አቶ ኪሩቤል ሻይ ያለ ስኳር መጀመራቸውና ወይዘሮ ፌቨን መጋረጃ መቀየራቸው ነበር።

«እንዴት ነው ሻዩ?» አሉ ወይዘሮ ፌቨን ሐይቁ ዳር ከፔርሙዝ እየቀዱ።

«ሙቅ ውሃ ነው።»

«መጋረጃውስ?»

«የቱ መጋረጃ?»

ወይዘሮ ፌቨን የባላቸውን ትከሻ መቱና «አውቀህ ነው፤ አንተ ምን ያመልጥሃል!» አሏቸው። እውነትም አውቀው ነው።

ማክሰኞ አቶ ሁመድ ቤት ተበላ። አቶ ሁመድ የአፋር ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ዳስ ተካይ ነበሩ። ሁለቱ አንድ ምሰሶ ላይ ገመድ ሲቀባበሉ ነው የኖሩት። እንግዶቹ ሲነሱ አቶ ሁመድም አብረው ተነሱ።

«በር ድረስ ልሸኛችሁ።»

በር ላይ ወሬው አላለቀም። እስከ ማዕዘኑ ተባለ። ከማዕዘኑ ድልድዩ ላይ ደረሱ።

«በቃ ሁመድ፣ በሞቴ ተመለስ!»

«ወላሂ ደጃፍህን ሳላይ አልመለስም።»

ደጃፉ ላይ ደረሱ። እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰው ብቻውን መስደድ ነውር ነው። ወይዘሮ ፌቨን ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ አቶ ኪሩቤል ወዳጃቸውን መልሰው ሸኙ። ድልድዩ ላይ ተሰናበቱ፤ ስለ ድሮ አለቃቸው አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ተሻገሩ። ከዚያ አቶ ሁመድ እንደገና መለሷቸው። እንደዚህ እየተመላለሱ ከሰዓት በኋላው አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት በሩ አልከፈት አለ።

«አቶ ኪሩቤል፣ ትናንት መንገድ ጠፍቶብዎታል» አለ ያው የመንገዱ ድምፅ በትሕትና። «በአንድ ድልድይ ላይ ደጋግመው ተመላልሰዋል። ደጋግመው ተሰናብተው አልተለያዩም። ደጃፍዎ ደርሰው ሳይገቡ ተመልሰዋል። ለደህንነትዎ መሪ ተመድቦልዎታል።»

መሪ በከተማው የታወቀ ነው። ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ባለ ጎማ ማሽን ነው፤ አእምሮው የደከመን ሰው በረጅም ክንዱ የእጅ አንጓውን ይዞ ያወጣል፣ ይዞ ያስገባል። የሚሄዱበት ቦታ ይነገረዋል፤ ከዚያ ሌላ ነገር አያውቅም።

ወይዘሮ ፌቨን ሳቁ። አቶ ኪሩቤል አልሳቁም።

«እኔ? በዚህች ከተማ? መንገዱ ሳይነጠፍ እኔ ነበርኩ!»

«ስህተት ነው፤ ዓርብ ከአረጋውያን ጉዳይ ሰው ይልካሉ፣ ይስተካከላል» አሉ ወይዘሮ ፌቨን።

«እስከዚያ ሰው ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?»

ሐሙስ መቅረት ፈልገው ነበር፤ በሽተኛ ግን ሳይጠየቅ አይታለፍም። መሪው አንጓቸውን ይዞ ከወይዘሮ ፌቨን ጋር የታመመ ጎረቤታቸው ቤት አደረሳቸው። ተቀምጠው ተጫወቱ፣ በሽተኛውን አሳቁ። ሲወጡ የበሽተኛው ሚስት ሊሸኙ ተከተሏቸው። ደጃፍ ላይ አቶ ኪሩቤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ይህ በሽተኛው ፊት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሲሸኙ ነው።

የሴትየዋ ዓይን እንባ አቀረረ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ መሪው የአቶ ኪሩቤልን አንጓ ጨበጠ። «መዳረሻዎ ቤት ነው» አለና አቶ ኪሩቤልን ጎተታቸው። ሴትየዋ ሊናገሩ የነበረውን ይዘው ቀሩ። ወይዘሮ ፌቨን ነበሩ ወደ ኋላ ቀርተው ያዳመጧቸው።

ማታ አቶ ኪሩቤል እራት አልነኩም።

«ከእንግዲህ ሰው ቤት አልሄድም» አሉ። «ተሸኝቼ መልሼ ካልሸኘሁ እንግዳ አይደለሁም። እንዲህ የሚደረገው ዕቃ ነው።»

ዓርብ ሶልያና መጣች። የአረጋውያን ጉዳይ ሠራተኛ ናት፤ ወጣት፣ ሥርዓት ያላት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ አቶ ኪሩቤል ይህን አይተው በልባቸው ያዙላት።

«አባባ፣ ማክሰኞ ወዴት እየሄዱ ነበር?»

«ቤቴ።»

«ደርሰው ነበር እኮ። ለምን ተመለሱ?»

«ሁመድን ልሸኘው።»

«እሳቸውስ ለምን መጥተው ነበር?»

«እኔን ሊሸኘኝ።»

«ታዲያ እንግዳው ማን ነበር?»

«መጀመሪያ እኔ። ኋላ እሱ።»

«ኋላማ ራሳቸውንም ግራ ገብቷቸው ነበር!» አሉ ወይዘሮ ፌቨን ከጓዳ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ ይጻፍብኛል!»

ሶልያና ፈገግታዋን ዋጠች። «እግር አንባቢው ሰው የሚሄድበትን ምክንያት ያውቃል፤ ሥራ፣ ገበያ፣ ጥየቃ፣ ስፖርት። ከዚህ ካለፈ መጥፋት ይለዋል። ስፖርት ነበር ልበለው? አሁኑኑ መሪው ይነሳልዎታል።»

ወይዘሮ ፌቨን ከጓዳ ወጡ። «እሺ በላት እንጂ! አንድ ቃል ናት!»

አቶ ኪሩቤል እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ስፖርት አልሠራሁም። ሰው ነው የሸኘሁት። ሳልጠፋ ጠፋህ አለኝ፤ እኔ ደግሞ ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ አልታረቀውም።»

«ካልሆነ መሪው ይጸናብዎታል፣ አባባ። እስከ መጨረሻው።»

«ይጽና።»

ሶልያና ከፍቷት ተነሳች። አቶ ኪሩቤልም ተነሱ።

«ኧረ ይቀመጡ!»

«እንግዳዬ ነሽ። ይዘሽ የመጣሽውን ጉዳይ አልወደድኩትም፤ እሱ ሌላ ነው።»

ከሠራተኛ ጋር ስለሆኑ መሪው ለቀቃቸው። በር ላይ «ይበቃል አባባ» አለች፤ አልበቃም። ማዕዘኑን ሲያልፉ ሶልያና እርምጃዋን አዘገመች።

«አባቴም መሪ አለው» አለች መሬት መሬት እያየች። «ሌላ ከተማ ነው ያለው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስደውል ደህና ነኝ ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም።»

ቤት ውስጥ ይህን አልተናገረችም።

«ልትጠይቂው ስትሄጂ እስከ የት ይሸኝሻል?»

«በር ላይ መሪው ይመልሰዋል።»

አቶ ኪሩቤል ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሊሰናበቷት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን ብቻቸውን ልትተዋቸው ደንቡ አይፈቅድላትም። መልሳ ወሰደቻቸው። ወሬዋ ገና አላለቀም። ደጃፍ ሲደርሱ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እንደዚያ ሆና ብቻዋን የሚሰዳት ማን ነው? እሳቸው መልሰው ወደ ድልድዩ ሸኟት። እሷም ደንቡን አስባ እንደገና ወደ ቤት መለሰቻቸው። እሳቸውም እንደገና ሸኟት።

ድልድዩ መሐል መንገዱ ተናገረ።

«ወይዘሪት ሶልያና፣ መንገድ ጠፍቶብዎታል? መሪ ይመደብልዎ?»

ሶልያና ቆመች። ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

«አልጠፋሁም። እየተሸኘሁ ነው።»

«መዳረሻ?»

«የለውም።»

«መዳረሻ የሌለው ጉዞ መጥፋት ነው።»

«እንግዲያው ወይ ሁለታችንም ጠፍተናል፣ ወይ ሁለታችንም አልጠፋንም። ምረጥ።»

መንገዱ ሊመርጥ አልቻለም። ከተማይቱ ከቆመች ጀምሮ መንገዱ መልስ ሲያጣ አቶ ኪሩቤል ሰምተው አያውቁም። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ምሰሶ ላይ እንደወጡ ያህል ነበር የተሰማቸው።

«ለካ አንድ በአንድ ነው የሚያነበን» አለች ሶልያና ቀስ ብላ። «ሁለት ሰው አብሮ ሲሄድ ያያል። አንዱ ለሌላው ሲል እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገረውም። ስንቱን ሰው በዚህ አሳስረናል!»

እዚያው ቆማ በሥልጣኗ የመሪውን ትእዛዝ ሻረች። «ሽኝት» የሚል ምክንያት እንዲገባ አዘዘች። ከዚያ ወደ አባቷ ከተማ ደወለች፤ በዚያ ያለውን መሪ ማን እንደሚያነሳው ጠየቀች። አቶ ኪሩቤል እስክትጨርስ ጠበቋት።

ቅዳሜ አቶ ሁመድና አሲያ መጡ። ምሳ ተበላ፣ ስለ መጋረጃው ብዙ ተባለ። ሊሄዱ ሲነሱ አራቱም ወጡ።

«አቶ ኪሩቤል፣ እየሸኙ ነው?» አለ መንገዱ።

«አዎ።»

«እስከ የት?»

«ይሄ ደግሞ ጠያቂ ሆነ!» አሉ አቶ ሁመድ።

«ተወው ይጠይቅ፤ ገና ልጅ ነው።» አቶ ኪሩቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስኪበቃን ድረስ።»

«መቼ ይበቃችኋል?»

አራቱም ቆሙ። አሲያ ወይዘሮ ፌቨንን አዩ፤ ወይዘሮ ፌቨን ባላቸውን አዩ። አቶ ኪሩቤል በረሃ ሸፍነዋል፣ ነፋስ መክተዋል፤ ይህን ግን አያውቁትም። አለማወቃቸው ምንም አላሳፈራቸውም።

«እንጃ!» አሉ በኩራት፣ የወዳጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ድልድዩ እየሄዱ።