ጣሪያው ላይ ያለው መንገድ

«ስልክ» አለች የዮጋ አሰልጣኟ፣ የሰሌን ቅርጫቷን ወደ ፌንጣ ዘርግታ።

ፌንጣ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ስልኩ መዳፏ ውስጥ ሁለቴ ነዘረ። ጓደኛዋ ሽቦ ናት፤ ከሽቦ በቀር በጠዋት ማን ይጽፍላታል?

«ድምፁን ባጠፋውስ?»

«ነገ ከሰዓት ስትሄዱ ትወስጂዋለሽ። የትም አይሄድም።»

ከኋላዋ የቆመችው አክስቷ የራሷን ስልክ ቅርጫቱ ውስጥ ጣል አደረገች። ቀጥላ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ፊሽካ አወለቀችና «ይኼንንም ተረከቢኝ፤ አጠገቤ ካለ መንፋቴ አይቀርም» አለች። አሰልጣኟ ሳቀች። ፌንጣ አልሳቀችም። ስልኳን እንደ ታመመ ጫጩት ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

አክስቷ ትራፊክ ፖሊስ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ አስፋልት ላይ ቆማ ወገቧ እምቢ ሲላት፣ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር ዮጋ አዘዘላት። የሥራ ባልደረቦቿ ሲስቁባት ከረሙና በመጨረሻ አዋጥተው፣ ሐይቅ ዳር ያለ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ የሚሰጥ የሁለት ቀን የጽሞና ቆይታ ጋበዟት። ሻንጣ ማንሳት ስለማትችል ተሸካሚ አስፈለጋት። የፌንጣ እናት ደግሞ «ይቺን ልጅ ይዘሽልኝ ሂጂ፤ በእግሯ እያንቀጠቀጠች ቤቱን ልታፈርሰው ነው» አለቻት። ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣችላትም እናቷ ናት። ቁጭ ስትል ጉልበቷ ይዘላል፤ ስትቆም ጥፍሯን ትበላለች።

ሰሞኑን ብሶባታል። የትምህርት ቤቶች የሥዕል ውድድር ማስረከቢያ ሰኞ ነው። ያሸነፈ ክረምቱን ሥዕል ትምህርት ቤት በነፃ ይማራል። አምናም ካቻምናም ያሸነፈችው እሷ ናት፤ በፀሐይ፣ በርግብ፣ በተያያዙ እጆች። የሥዕል መምህሩም «ያችኑ የለመድናትን አምጪልን» ብለዋታል። ዘንድሮ ግን እርሳስ ባነሳች ቁጥር እጇ ድርቅ ይላል። ርዕሱ «መንገዳችን» ነው። አንድ መስመር ታሰምራለች፣ ታጠፋለች፣ ሌላ ታሰምራለች፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ትፈገፍጋለች።

«አቦ አታካብጂ» አለቻት ሽቦ፣ የክፍል ጓደኛዋ። «ስልክሽ ላይ ያለው ኤአይ ይሥልልሽ፤ አንቺ እርሳስ አስኪጅበት። ማን ያውቃል?»

ስልኩም ሣለ። ወደ ፀሐይ መውጫ የሚነጉድ ቀጥ ያለ መንገድ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ልጆች፣ ከላይ ርግብ። ፌንጣ አሳተመችው፤ መስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፋ፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት ደርባ ገለበጠችው። ቀለም መቀባት ብቻ ነው የቀራት። ወረቀቱን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ፣ የውሃ ቀለሟንም ይዛ፣ እዚህ ጨርሳው ልትመለስ መጥታለች።

የመጀመሪያው ዮጋ ጣር ነበር። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ትንፋሻችሁን ብቻ ተከተሉ» አለች አሰልጣኟ። የፌንጣ ትንፋሽ ግን ልትከተለው ስትል ያመልጣታል። አንገቷን በላት፤ አከከችው። ጆሮዋን በላት። ሽቦ አሁን ምን ጽፋ ይሆን? አንድ ዓይኗን ገልጣ ስታይ፣ አክስቷ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ፣ ፊቷን አኮሳትራ ቆማለች።

«እሜቴ፣» አለች አሰልጣኟ በለሆሳስ፣ «እየተንጠራሩ አይደለም፤ እያስቆሙን ነው።»

ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሐይቁ ዳር ይንጎራደዳል። ፌንጣ ባዶ ኪሷን ትዳብሳለች፤ ታፍራለች፤ መልሳ ትዳብሳለች። መቋቋም ሲያቅታት ክፍላቸው ገብታ ወረቀቱን አወጣች። ብሩሹን ሳትነክረው አክስቷ ወገቧን ይዛ ገባች።

«አሳዪኝ እስቲ።» አየችው። «ያምራል። ግን መኪና የለውም እንዴ?»

«ሥዕል ነው እኮ፣ አክስቴ።»

«እሱማ ነው። እኔ ብቻ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም።» አልጋው ላይ ቀስ ብላ ጋደም አለች። «ትንሽ እያለሽ ጎማ ያላቸው ዶሮዎች ትሥዪልኝ ነበር። እኔም ዶሮዎቹ ፈጥነው ነዱ ብዬ እየቀጣሁ ሳንቲም እቀበልሽ ነበር። ለምን ተውሽው?»

«አደግኩ።»

አክስቷ ዓይኗን ጨፈነች። ፌንጣ ብሩሹን ይዛ ብዙ ቆየች። ርግቧን ነጭ ለማድረግ ቀለም አያስፈልግም፤ ፀሐይዋ ቢጫ መሆኗ የታወቀ ነው። የሚታሰብበት ነገር ሳይኖረውም እጇ አልንቀሳቀስ አለ። ወረቀቱን መልሳ ከተተችው።

እሑድ ጠዋት ዝናብ ስለጣለ የአዳራሹ ወለል ላይ ሠሩ። በመጨረሻ ሁሉም በጀርባው ተኛ። «ተኝታችሁ ኮርኒሱን እዩ» አለች አሰልጣኟ። «ሲሰለቻችሁም እዩት።»

ኮርኒሱ ያረጀ ነው፤ የክረምት ውሃ ቡናማ በቡናማ አድርጎታል። ፌንጣ አየችው። ሰለቻት። ጉልበቷ መዝለል ጀመረ።

«ያቺን ላም አየሻት?» አለ ከአጠገቧ አንድ ሹክሹክታ። አክስቷ ናት።

«የቷን?»

«ከአምፖሉ በስተቀኝ ያለችውን። ከልክ በላይ ጭናለች።»

ፌንጣ አፈጠጠች። እድፍ ነው። እድፍ ነው። ከዚያ ድንገት ቀንድ አወጣ።

«ምንድን ነው የጫነችው?»

«አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ አማቷን ጭምር። መንጃ ፈቃዷን ነው የምቀማት።»

ፌንጣ ሳቋን በአፍንጫዋ አፈነችው። «እሷ ምን አጠፋች? ያ ዓሣ እኮ ነው ቀይ መብራት ጥሶ የገባባት።»

«የቱ ዓሣ?»

«ጃንጥላ የያዘው።»

ካለች በኋላ ራሷ ደነገጠች። ዓሣው እዚያው ነበር፤ ጃንጥላውም። ከዓሣው ኋላ አንድ ጫማ ብቻ ያደረገ ግመል አለ። ከግመሉ ኋላ ደግሞ... ጉልበቷ መቼ እንደቆመ አላወቀችም።

አክስቷ ግን መቋቋም አቅቷት ፈነዳች። አዳራሹ በሳቋ ተናጋ። አሰልጣኟ ተነሥታ ወደ እነሱ መጣች። ፌንጣ «ይቅርታ» ለማለት አፏን ስትከፍት፣ አሰልጣኟ ባዶው ወለል ላይ አጠገቧ ተዘረረች።

«ዓሣው የቱ ጋ ነው?»

ፌንጣ በጣቷ አሳየቻት።

«እኔ እንኳ የማየው ኤሊ ነው» አሉ ከጥግ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ትናንት ሙሉ ቀን ቃል ያልወጣቸው። «ታክሲ ናት መሰለኝ። ሞልታለች፣ ግን አሁንም ትጭናለች።»

ፌንጣ ከዚያ በላይ መተኛት አልቻለችም። በባዶ እግሯ ዝናቡን አቋርጣ ወደ ክፍሉ ሮጠች። ሳይጠፋባት ማውጣት አለባት። ሻንጣውን ገለበጠችው። ቀለም አለ፣ ብሩሽ አለ፣ የአክስቷ እስክሪብቶ አለ። ወረቀት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ርግቧ ያለችበት።

ቆመች። ጀርባው ነጭ ነው። ውሃ ቀለም ካረፈበት ግን ይረጥባል፣ ይጨማደዳል፤ ከፊት በኩል ያለው እርሳስ ይበላሻል። ሰኞ ደግሞ ነገ ነው። ክረምቱም፣ ሥዕል ትምህርት ቤቱም አለ። በእስክሪብቶ መሞካከር ትችላለች፤ ወይም ውድድሩ ካለፈ በኋላ ቤቷ ትሥለዋለች። ዓይኗን ስትጨፍን ግመሉ በአንድ እግሩ እያነከሰ መሄድ ጀምሯል።

ወረቀቱን ገልብጣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ ብሩሹንም ነከረች።

አክስቷ ምሳዋን በሳህን ይዛላት ስትመጣ፣ ፌንጣ በሆዷ ተኝታ፣ ግንባሯ ሰማያዊ ሆኖ አገኘቻት። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በአራቱም በኩል እንስሳ ይጎርፍበታል። መሃሉ ላይ ወገቧን የያዘች አንዲት ሴት ቆማለች። አክስቷ ሳህኑን እንደያዘች ብዙ አየች።

«የላሟን የሰሌዳ ቁጥር ረስተሻል» አለች በመጨረሻ።

አውቶቡሱ ውስጥ ስልኳን ስትከፍተው የሽቦ መልእክት ነፍ ነው። የመጨረሻው «ቀባሽው?» ይላል።

«ገለበጥኩት» ብላ ጻፈች ፌንጣ።

«እሱማ ድሮ ገልብጠሽዋል። ቀለሙንስ?»

ፌንጣ ብቻዋን ሳቀች። እንዴት ብላ ታስረዳታለች?

ሰኞ የሥዕል መምህሩ ወረቀቱን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ አዩት። «የቱ ነው ፊቱ?»

«ይኼ።»

«ይኼ?» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እኔ የዳኞቹን ልብ አውቀዋለሁ፤ ይኼን አይሰጡሽም። በዚያ በኩል ያለው ግን ቢደበዝዝም አልጠፋም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለሽ፤ በአዲስ ወረቀት ብታወጪው ትደርሻለሽ።»

ሰዓቱን አየች። ትደርሳለች፤ እውነት ነው። ሽቦ በመስኮት በኩል አውራ ጣቷን እያሳየቻት ነው።

«ያኛው የኔ አይደለም፣ ቲቸር።»

መምህሩ እስክሪብቶ አነሡ። ስሟንም ላሟ ባለችበት በኩል ጻፉ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሟ የለም። ክረምቱን ሥዕል ትምህርት ቤት የሚማረው የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ የሣለውም ፀሐይ ነው። ፌንጣ ሰሌዳውን ሁለቴ አንብባ ወደ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

«ሥዕሌን ልወስድ ነበር።»

መሳቢያውን ከፍተው ሰጧት። «ስቀዋል» አሉ ሳያዩዋት። «ዳኞቹ። አንደኛው የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ነው ወይ የሣለው ብሎ ጠየቀኝ።»

ጆሮዋ ጋለ። ሥዕሉን አየችው። ጠርዙ ላይ ደርሶ የተቆረጠ አንድ ጭራ አለ፤ የማን ጭራ እንደሆነ እስካሁን አልወሰነችም። ባለቤቱ ከወረቀቱ ውጪ ቀርቷል። ከእሱ ኋላም ሌሎች ሳይኖሩ አይቀሩም።

«ቲቸር፣ ከዚህ የሚሰፋ ወረቀት ይኖርዎታል?»

«ለምን? ውድድሩ እኮ አልቋል።»

«አውቃለሁ። ጠቦኝ ነው።»

መምህሩ ትንሽ አሰቡና ከቁምሳጥኑ ኋላ አቧራ የለበሰ የወረቀት ጥቅል ጎትተው አወጡ። ከእሷ ይረዝማል። ታቅፋው ስትወጣ በበሩ አላልፍ አላት፤ ወደ ጎን አዙራ፣ ትንሽ አጎንብሳ፣ አሳለፈችው።