ሰባተኛው ቁጥር

«እንዳትነግሪው ብዬሻለሁ። ሰማሽኝ፣ ኪያ?»

ኪያ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ የአባቷን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ሆስፒታሉ ነገ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ለብሶ ይምጣ ብሏል። አባቷ ወንዳፍራሽ እንዲህ ያለ ሸሚዝ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚወጣ።

«ሰምቻለሁ፣ አክስቴ።»

«ወንድሜን አውቀዋለሁ። ያንን ከሰማ ሕክምናውን ጥሎ ጸበል ነው የሚሄደው። ዕጢው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ብቻ ነገ ይታከም። አስር ሰዓት ላይ መጥቼ ወደ ቤት እወስዳችኋለሁ።»

አክስቷ መሠረት ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ነገ ለምሳ እንግዳ ስላለባቸው ጠዋት ከአባቷ ጋር የምትሄደው ኪያ ብቻ ናት። አስራ አራት ዓመቷ ነው። እዚህ ኬንያ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለችው በዚህች ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንግሊዝኛ የምታነበው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ የመብራት ሂሳብ መልእክትም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት በእሷ አፍ ሳያልፍ አባቷ ዘንድ አይደርስም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪሙ የተናገረውም እንደዚያው በእሷ አፍ ነው ያለፈው። ከአባቷ ግራ ጆሮ ጀርባ፣ የመስሚያው ነርቭ ላይ ዕጢ በቅሏል። ቢላ አይነካውም፤ ከውጭ በጨረር ይመታል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማታውኑ ቤቱ ያድራል። ኪያ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ተረጎመች። ከዚያ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻውን ነገር ተናገረ። ልትተረጉም አፏን ስትከፍት አክስቷ ከጠረጴዛው ሥር ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«ምን አለ?» አላት አባቷ።

«አይዞህ አለህ» አለችው።

ሸሚዙን ሰቅላ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሊያዞረው ስለሚችል አልጋውን ገፍታ ከግድግዳው ጋር አስጠጋችው። እንዳያደናቅፈው ትንሿን ምንጣፍ ጠቀለለች። ቢያስመልሰው ብላ ባልዲ አስቀመጠች። ይህን ሁሉ እናቷ ብትኖር እናቷ ነበረች የምታደርገው። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ከጎረቤት የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

ስልኳ ጮኸ። የክፍል ጓደኛዋ የሀጀራ መልእክት ነው። «ነገ የኬሚስትሪ ካት ፈተና አለ፣ ትቀሪያለሽ እንዴ? ኡኮ ሳዋ? ደህና ነሽ?»

ኪያ «አይ፣ ደህና አይደለሁም» ብላ ጻፈች። ቀጠለች፤ ብዙ ጻፈች። መልሳ ስታነበው የሌላ ሰው ወሬ መሰላት። ሁሉንም አጥፍታ «ኒኮ ፖዋ፣ ደህና ነኝ፣ ለባባ ሆስፒታል ቀጠሮ አለን» ብቻ ብላ ላከች። ሀጀራ የልብ ምልክት ላከችላት። በዚያው አለቀ።

አባቷ አመሻሽ ላይ ከጋራዥ ገባ። እጁን ታጥቦ እንኳ የዘይት ሽታው አይለቅም። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ባለው ጋራዥ ወንዳፍራሽን የማያውቀው የለም፤ የመኪና ቦኔት ከፍቶ ግራ ጆሮውን ያስጠጋና «ሁለተኛዋ ሲሊንደር ናት» ይላል። ትሆናለችም። ኬንያውያኑ «ዳክታሪ» ይሉታል፣ ሐኪም ማለታቸው ነው። ግራው መስማት ካቆመ ወዲህ ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ለኪያ የነገራት እየሳቀ ነው። ሳቁ ግን ከልቡ አልነበረም።

«ለዮፍታሄ ነገርኩት» አለ ጫማውን እያወለቀ። ዮፍታሄ የጋራዡ ባለቤት ነው። «ሁለት ሳምንት ብቻ ጠብቀኝ አልኩት። ግራዬ ሲመለስ የከበዳችሁን ሞተር ሁሉ ደርድሩልኝ አልኩት።»

ኪያ ሾርባውን ማማሰል ያዘች።

ወንዳፍራሽ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፉት ሁለት ወረቀቶች ፊት ቆመ። አንደኛው ሆስፒታሉ የሰጠው የእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው ኪያ በአማርኛ የገለበጠችለት። አንድ፣ ጸጉርህን ታጠብ፣ ቅባት አትቀባ። ሁለት፣ ብረት ነክ ነገር አታድርግ። ሦስት፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ውሰድ። እያለ ይወርዳል። ቅባት አትቀባ የሚለው አሳቀው፤ መሃል አናቱ ላይ ከተመለጠ ቆይቷል። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«ኪያዬ፣ የእንግሊዝኛው ሰባት ቁጥር አለው። ያንቺ ስድስት ነው።»

ማማሰያው እጇ ላይ ቆመ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ባያነብ ቁጥር እንደሚያነብ እንዴት ረሳችው? ይህ ሰው ሞተር ፈትቶ ሲገጥም አንዲት ብሎን ብትተርፈው እንደገና የሚፈታ ሰው ነው።

«እሱ... ስለ መኪና ማቆሚያ ነው» አለች ሳትዞር። «የት እንደሚቆም ነው የሚለው።»

«እኛ የምንሄደው በታክሲ ነው።»

«ለዚያ ነው የተውኩት።»

«እሺ» አለና ሾርባውን ለመጠጣት ተቀመጠ። ቢጠራጠር፣ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። አመናት።

ሲተኛ እሷ እንግሊዝኛውን ወረቀት አንስታ ሰባተኛውን ቁጥር እንደገና አነበበችው። ሕክምናው ዕጢው እንዳያድግ ያቆመዋል እንጂ የጠፋውን መስማት አይመልስም፤ በዚያው ጆሮ የቀረ ካለም በጊዜ ብዛት ሊጠፋ ይችላል።

ስምንት ዓመቷ ሳለ እናቷ ለሕክምና ሕንድ ሄደች። ሦስት ሳምንት ሙሉ «እየተሻላት ነው» ይሏት ነበር። ኪያ የእንኳን ደህና መጣሽ ካርድ ሠራች፤ አበባ ሣለችበት፤ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አሳየች። ሰው ሁሉ «ጎበዝ» እያለ ፊቱን ያዞር ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ቤቱን ሞላውና ተነገራት። እናቷ የሞተችው ኪያ ካርዱን ከመጀመሯ በፊት ነበር። ሐዘኑ ሐዘን ነው። ግን ሰው ሁሉ እያወቀ እሷ ብቻ ስትስቅ የከረመችበትን ሦስት ሳምንት እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

ጠዋት ታክሲው ሞምባሳ ሮድ ላይ መኪና ሲበዛበት ቆም ሄድ ይል ጀመር። ወንዳፍራሽ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ቀኝ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አዳመጠና ለሾፌሩ በስዋሂሊ የፊት ቀኝ ጎማውን ቤሪንግ እንዲያስፈትሽ ነገረው። ሾፌሩ በመገረም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አባቷ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነና በግራው ሞከረ። ረጅም ጊዜ ሞከረ።

«ምንም» አለ ፈገግ ብሎ። «ግድ የለም። ስንመለስ ግን ይሄኛው ነው የሚነግረኝ።»

ኪያ ወደ ውጭ ተመለከተች። ፈገግታው የሣለችውን አበባ አስታወሳት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ብረት ነክ ነገር አለመያዙን አረጋግጣ፣ ፊቱ ላይ የሚገጠመውን የፕላስቲክ ጭምብል አሳየችው። ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ ነው፣ አያምም አለች። ከዚያ ወረቀትና እስኪብርቶ ለኪያ ሰጠቻት። «ለአባትሽ አስረጂው። ከገባው እዚህ ይፈርም» ብላ ወጣች።

ወንዳፍራሽ እጁን ዘረጋ። «የት ጋ ነው?»

አክስቷ በአንድ ነገር ልክ ናት። ሊሄድ ይችላል። ተነስቶ ጃኬቱን ለብሶ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ዕጢው ያድጋል፤ ጥፋቱም የኪያ ይሆናል። እናቷ በዚህች ሰዓት እዚህ ብትቀመጥ ምን ትል እንደነበር ለማሰብ ሞከረች፤ ግን ድምጿን ማስታወስ አልቻለችም። የሚጠየቅ ማንም የለም።

ከግራው በኩል ተነስታ ዞራ በቀኙ በኩል ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሰባተኛው ስለ መኪና ማቆሚያ አይደለም።»

የተዘረጋው እጁ ጭኑ ላይ አረፈ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ ቀስ ብሎ። «ንገሪኝ።»

ነገረችው። ሐኪሙ ያለውን በሙሉ፣ ምንም ሳታለሰልስ። ባይታከም የሚሆነውንም ነገረችው። ድምጿ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠበቃት። ስትጨርስ ግራ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወለሉን ያይ ነበር። ፊቱ ጠቁሯል። ተነስቶ የሚሄድ መሰላት።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ፣ ይህን ከያዝሽ?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ብቻሽን?»

«አክስቴ ታውቃለች። አዎ፣ ብቻዬን።»

«ሦስት ሳምንት» አለ እንደገና። ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። ያኔ ካርዱን ተቀብሎ «ታየዋለች» ያላት እሱ ነበር። ሁለቱም ያንን አላነሱም።

ቆይቶ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። «ሐኪሙን ጥሪልኝ። ቀኙስ ይተርፋል ወይ በይልኝ። በአንድ ጆሮ ሞተር ያዳመጠ ሰው አይቶ ያውቅ እንደሆነም ጠይቂልኝ።»

ሐኪሙ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ብዙ ተናገረ፤ አንዳንዱ ደግ፣ አንዳንዱ ክፉ ነበር። ኪያ ክፉውንም ደጉንም አንድ ቃል ሳታስቀር በቀኝ ጆሮው ተረጎመችለት። እስኪብርቶው እጇ ላይ ነበር። አባቷ ራሱ እጁን ዘርግቶ እስኪጠይቃት ድረስ አልሰጠችውም።