ድምፅ ያልነበረው ገብስማ

እመት ዝማምን ማን ጠየቃት? ማንም አልጠየቃትም። በዘራምባ መንግሥት ፀሐይ ከጠፋች ሰባተኛ ቀን ነበር፤ ቀን ከተባለ። አዝመራው በጨለማ ጠወለገ፣ ከብቱ በረት ውስጥ ተቅበጠበጠ፣ ዶሮ ከቆጥ አልወርድ አለ፤ ሰውም መተኛትና መነሣት ጠፍቶት ግቢ ለግቢ ይንቆራጠጥ ጀመር። ንጉሥ ሰንደርያስ መሳፍንቱንና ኮከብ ቆጣሪዎቹን ሰብስቦ ሲመክር፣ አርባ ዓመት የቤተ መንግሥቱን ዶሮዎች የጠበቀችው ሴት በር ላይ ተገትራ ቀረች።

በዘራምባ ፀሐይ እንደ ክቡር እንግዳ ናት፤ ካልጠሯት አትመጣም። ንጋት ጠሪው ሰው ዶርማን በየማለዳው ከግንብ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠራታል፤ በሦስተኛው ትወጣለች። አሁን ግን ዶርማን አፉን ሲከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

«ጠላት አንዳች ነገር አብልቶት ነው» አለ የጦር አለቃው።

«ውሸት» አለች እመት ዝማም ከበሩ። «ጭልመት ነው የወሰደበት። ቆጡ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። በእርስዎ ድምፅ፣ ንጉሥ ሆይ፣ ‹ዶርማን› ብሎ አንዴ ጠራው። ይኼም ለመወደድ ሲጣደፍ ወዲያው ‹አቤት› አለ።»

የዋሻው አውሬ ጭልመት የሰማውን ድምፅ ሁሉ ያስመስላል፤ አንዱን ስም ሁለቴ መጥራት ግን አይሆንለትም። ጠርቶት «አቤት» ያለውን ሰው ድምፅ ይውጣል። ስለዚህ የዘራምባ ሰው በጨለማ ሦስቴ ካልተጠራ አፉን አይከፍትም። ንጉሥን ግን ሦስቴ ማስጠራት ንቀት መስሎ ይታያል።

የጦር አለቃው ሳቀ። «አሮጊት፣ ወደ ዶሮዎችሽ ሂጂ። መቶ ጦረኛ ይዤ ወርጄ እገድለዋለሁ።»

«ከነድምፁ ገድለኸው ፀሐይን በምን ልትጠራት ነው? በጢምህ?»

«አውጧት» አለ ንጉሡ።

ያወጣት ዘበኛ ጉርማን የሚባል ጎልማሳ ነበር። ከግቢው ውጪ ሲደርሱ ጦሩን ትከሻው ላይ አመቻቸ። «እማማ፣ የታዘዝኩት እስከ በር እንዳወጣዎት ነው። ከዚያ ወዲያ እንዳልከተልዎት የከለከለኝ የለም።»

የልጅ ልጇ ላሊትም ተነሣች፤ ስትዘፍን መንገደኛ መንገዱን የሚረሳላት ልጅ። እመት ዝማም አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ብብቷ ሥር ወሸቀች። ያኔ አውራ ዶሮ ድምፅ አልነበረውም።

«እሱ ምን ያደርግልናል?» አለ ጉርማን።

«ጉሮሮው ባዶ ነው። የጭልመት ሆድ ከአንድ ድምፅ በላይ አይዝም፤ አዲስ ሲውጥ የፊተኛውን ይተፋል። የተተፋውን ባዶ ጉሮሮ ይቀበለዋል።»

«የሚዋጠውስ የማን ነው?» አለች ላሊት።

«የእኔ። ሰባ ዓመት ተናገርኩበት፣ የሰማኝ የለም። ምን ይጎድልብኛል?»

ወደ ጭልመት ዋሻ ሲወርዱ የአመዱን ወንዝ በገመድ ተሻገሩ፤ ዓይን አልባ አሞሮች ገደሉ ላይ ልብሳቸውን ዘነጣጠሉት። ከዋሻው አፍ ሲደርሱ ጉርማን ጦሩን ተክሎ ማለ፦ «የወለደችኝ ማኅፀን ትመስክርብኝ፤ ያ ድምፅ ሳይመለስ ጀርባዬን ለዚህ ዋሻ አላሳይም።»

ከውስጥ ጠረን መጣ፤ ቀጥሎ ጥሪ። በእመት ዝማም በራሷ ድምፅ።

«ላሊት።»

አሮጊቷ በድንጋጤ ወደ ፊት ዘለለች። «አቤት፣ እኔ ነኝ አቤት ያልኩት፣ ወደዚህ ዙር» አለች። አውሬው ቀና ብሎም አላያትም። ንጉሥ ያልጠየቃትን አውሬም አልጠራትም።

«ዝም በይ ልጄ። ነገ እኔን ይጠራል።»

«ነገማ የለም፣ እማማ» አለች ላሊት። «እሱን ፍለጋ አይደል የመጣነው?» የአያቷን ጉልበት ሳመች፣ ቀና አለች፣ «አቤት» አለች።

የመጨረሻ ቃሏ ይህ ሆነ። ጭልመት የእሷን ለመዋጥ መንጋጋውን ሲከፍት የዶርማን ድምፅ እንደ ነፋስ ወጣ፤ ገብስማው አንገቱን አስግጎ ዋጠው። ጉርማን ጦሩን አነሣና ቆመ፤ የልጅቱ ድምፅ አውሬው ሆድ ውስጥ ነው። ላሊት ክርኑን ገፋችው። ወረወረ። አውሬው ሲወድቅ ድምፅዋም አብሮ ጠፋ።

ገብስማው ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ክንፉን አራገበ፣ ጠራ። ደገመ። በሦስተኛው የተራራው ጫፍ ቀላ።

ዶርማን ድምፁን እንዲመልስለት በእጁ ምልክት ቢለምነው፣ ገብስማው ጀርባውን ሰጥቶ እህሉን ለቀመ። ከእሱ ዘር የተፈለፈለ አውራ ዶሮ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጮኸው ያንኑ ጥሪ ነው።

ንጉሡ እመት ዝማምን አስጠራት፤ ሦስቴ እስኪጠራት ጠብቃ ገባች፣ ላሊትን በእጇ ይዛ።

«የፈለግሽውን ጠይቂ። መሬት ይሁን፣ ማዕረግ።»

«መሬቱን ለጦር አለቃዎ ይስጡት፤ ያልዘመቱትን መቶ ጦረኞች ያስፍርበት። እኔ የምለው ሌላ ነው። ዶሮው ሲጠራ በአንደኛው ይነሡ። በሁለተኛው ይልበሱ። በሦስተኛው እዚህች ልጅ ደጃፍ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በእሷ ፈንታ ‹አቤት› ይበሉ። በየማለዳው፣ ዕድሜዎን ሙሉ። አሁን ይለማመዱት፤ ልስማዎት።»